ፎርሙላውን በቃሉ ቢይዝ አይበቃውም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። አምና ኳድራቲክ እኩልታ ሲማሩ ፋክተር ማድረግን እንደምንም ተወጣው። ዘንድሮ ግራፍ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ተምታታበት። ቤት እየመጣ የሚያስጠናው ልጅ ‹ፋክተር ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ፎርሙላውን በቃልህ ያዝ፣ ግራፉን በሰንጠረዥ ነጥብ እያወጣህ ሥራ› ይለዋል። ልጄ ደግሞ ‹ሒሳብ አይሆነኝም› ማለት ጀምሯል። እኔ ሒሳቡን አላውቀውም። አስጠኚው ልክ ነው? ምን ላድርግ?»

አስጠኚው ግማሹን ልክ ነው። ኳድራቲክ እኩልታ ማለት ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገኝበት እኩልታ ነው፤ ፎርሙላው ለየትኛውም ይሠራል። ፋክተር ማድረግ፣ ማለትም እኩልታውን የሁለት ቅንፎች ብዜት አድርጎ መጻፍ፣ ግን ብዙ ቦታ ላይ ያቆማል። መልስ ማግኘት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ምክሩ ያስኬዳል። ልጅዎን የቸገረው ግን ግራፉ ነው። ግራፉ የተምታታበት ደግሞ አምና ፋክተር ሲያደርግ ምን እየሠራ እንደሆነ ስላልገባው ነው። ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፣ ቅንፍ ውስጥ ያስገባል፣ ያልፋል። እነዚያ ቅንፎች ግራፉ አግድሙን መስመር የት የት ላይ እንደሚቆርጥ እንደሚናገሩ ማንም ቁጭ ብሎ አላሳየውም። አሁን ፋክተር ማድረጉን ከወሰድንበት፣ ግራፉን የሚይዝበት እጀታ አይኖረውም።

ለመጻፍ እንዲቀለን ልጅዎ ኤክስ የሚለውን እኔ ቀ፣ ዋይ የሚለውን ሸ እላለሁ።

ሒሳቡን አላውቀውም ብለዋል። የሚከተለውን ግን ያውቁታል። 40 ሜትር ቆርቆሮ አለዎት እንበል። በዚህ ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ቦታ ማጠር ይፈልጋሉ። ዙሪያው 40 ከሆነ የአንዱ ርዝመትና የአንዱ ወርድ ድምር 20 ነው። አንዱን ጎን ቀ ካልነው ሌላው 20 − ቀ ይሆናል። የቦታው ስፋት ደግሞ ሁለቱ ሲባዙ ነው፦ ቀ(20 − ቀ)።

አሁን እንሞክር። አንዱ ጎን 2 ሜትር ከሆነ ሌላው 18 ነው፤ ቦታው 36 ካሬ። 5 ከሆነ 75 ካሬ። 8 ከሆነ 96። 10 ከሆነ 100። 12 ሲሆን ተመልሶ 96። 15 ሲሆን 75። 18 ሲሆን 36። ቁጥሮቹን ልብ ይበሉ። ወደ ላይ ወጡ፣ 10 ላይ ጫፍ ደረሱ፣ በወጡበት መንገድ ወረዱ። ይህንን ካሬ ደብተር ላይ ቢያስቀምጡት፣ ከታች የጎኑን ርዝመት፣ ወደ ላይ ስፋቱን አድርገው፣ የሚያገኙት ቅርጽ ፓራቦላ ነው። ልጅዎን እንቅልፍ የነሳው እሱ ነው።

ፓራቦላው መሬት የሚነካው የት ላይ ነው? ስፋቱ ዜሮ በሚሆንበት ቦታ። ጎኑ 0 ከሆነ ቦታ የለም። ጎኑ 20 ከሆነም ሌላው ጎን 0 ይሆንና ሁለት ረጅም ቆርቆሮ ጀርባ ለጀርባ ተለጥፎ ይቆማል፤ መሃሉ ላይ ድመት አያስገባም። ስለዚህ ግራፉ የሚነካው 0 እና 20 ላይ ነው። ይህንን ለማወቅ ምንም ስሌት አላስፈለገንም። ቀ(20 − ቀ) የሚለው ጽሑፍ ራሱ ተናገረው፤ ምክንያቱም ፋክተር ተደርጎ የተጻፈ ነው። ሁለት ነገር ተባዝቶ ዜሮ የሚመጣው ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ፋክተር የማድረግ ጥቅም ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህች አንድ ሐሳብ ላይ ነው። ልጅዎን «ለምንድን ነው ፋክተር የምናደርገው?» ብለው ይጠይቁት። ይህንን ካልመለሰ ሌላው ሁሉ ሽምደዳ ነው ማለት ነው።

ጫፉስ? የ0 እና የ20 መሃል 10 ነው። ጫፉ እዚያ ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፦ ግራፉ ሁለት ቦታ ከነካ፣ መዞሪያው ቨርቴክስ የሁለቱ እኩል መሃል ላይ ይቀመጣል።

ቀጥለን ጥያቄውን እንገልብጠው። 96 ካሬ ቦታ እፈልጋለሁ፤ ጎኖቹ ስንት ስንት ይሁኑ? ቀ(20 − ቀ) = 96 ማለት ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲሄድ በትምህርት ቤት ቋንቋ ይህ ቀ² − 20ቀ + 96 = 0 ነው። ተማሪው «ሲባዙ 96፣ ሲደመሩ 20 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች» ብሎ መገመት ይጀምራል። 1 እና 96፣ 2 እና 48፣ 3 እና 32 እያለ ይሄዳል። ግምት አያስፈልግም። ድምራቸው 20 ከሆነ አማካያቸው 10 ነው። ስለዚህ አንዱ ከ10 የተወሰነ ያህል ያንሳል፣ ሌላው በዚያው ያህል ይበልጣል። 10 ሲቀነስ መ እና 10 ሲደመር መ ብንላቸው፣ ሲባዙ 100 − መ² ይሆናሉ። 96 ከተፈለገ መ² = 4፣ መ = 2። ጎኖቹ 8 እና 12። አለቀ። ድምራቸውና ብዜታቸው የታወቀ ሁለት ቁጥሮችን በግማሹ በኩል መፈለግ የጥንት ባቢሎናውያን የሸክላ ጽላት ላይ ሳይቀር ያለ መንገድ ነው። ከ3500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለምን በሁሉም ክፍል እንደማይሰጥ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አሁን 96ን በ95 ይተኩት። ልጅዎ «ፋክተር አይሆንም» ይላል። ሲባዙ 95 የሚሆኑት 1 እና 95፣ 5 እና 19 ናቸው፤ ድምራቸው 20 አይመጣም። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «መልስ የለውም» ብሎ ይጽፋል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በ40 ሜትር ቆርቆሮ 96 ካሬ ማጠር ከተቻለ፣ 95 ካሬ እንዴት አይቻልም? ይቻላል። መ² = 5 ነው፣ ስለዚህ መ የ5 ስኩዌር ሩት ነው፤ ወደ 2.24 ገደማ። ጎኖቹ 7.76 እና 12.24 ያህል ይሆናሉ። የቀ² − 20ቀ + 95 ግራፍ አግድሙን መስመር ሁለት ቦታ ይነካል፤ የሚነካባቸው ቁጥሮች ግን ሙሉ ቁጥር አይደሉም። «በሙሉ ቁጥር ፋክተር አይሆንም» እና «መልስ የለውም» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

እውነተኛውን «መልስ የለውም» ማየት ከፈለጉ 110 ካሬ ይጠይቁ። 100 − መ² = 110 ይላል። መ² ከዜሮ በታች ሊሆን ነው፤ አይሆንም። ትልቁ ቦታ 100 ካሬ ነበር፣ 110 ከጫፉ በላይ ነው። ትክክል 100 ከተጠየቀ ደግሞ መ ዜሮ ይሆንና አንድ መልስ ብቻ ይመጣል፣ 10 በ10። ተማሪዎች ዲስክሪሚናንት (ፎርሙላው ውስጥ ስኩዌር ሩቱ ሥር ያለው ቁጥር) ብለው ምልክቱን የሚሸመድዱት፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለት፣ ዜሮ ከሆነ አንድ፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ምንም የሚሉት፣ ይኸው የቆርቆሮው ታሪክ ነው።

ፋክተር ማድረግ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ግን አልደብቅም። ቀ² + 10ቀ ብለው መጨረሻው ላይ ከ1 እስከ 25 ያለውን ቁጥር በየተራ ይደምሩበት። ከ25ቱ በሙሉ ቁጥር ፋክተር የሚሆኑት 5 ብቻ ናቸው፦ 9፣ 16፣ 21፣ 24 እና 25። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ሁሉም ፋክተር የሚሆነው ሆን ተብሎ ስለተመረጠ ነው። ልጁ መጽሐፉን ዓለም አድርጎ ከወሰደው፣ ያልተመረጠ ጥያቄ ሲመጣ ይደነግጣል። በነገራችን ላይ አምስቱን ቁጥሮች ከ25 ላይ ቀንሷቸው፦ 16፣ 9፣ 4፣ 1፣ 0። ሁሉም ፐርፌክት ስኩዌር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚመጡ ናቸው። ይህንን ልጅዎ ራሱ እንዲያገኘው ቢተዉለት በጣም ደስ ይለዋል።

ስለ ሰንጠረዡ እንነጋገር። እዚህ ላይ ከአስጠኚው ጋር አልስማማም። አምና አንድ ጎበዝ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የ ሸ = ቀ² − 20ቀ + 96ን ግራፍ ሠርቶ አመጣልኝ። እንደተለመደው ከ−3 እስከ 3 ሰንጠረዥ አውጥቷል። ቁጥሮቹ 165፣ 140፣ 117፣ 96፣ 77፣ 60፣ 45። አንድም ስህተት የለበትም። ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኝቶ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አወጣ። «ፓራቦላው የታለ?» አልኩት። ደብተሩን እያየ ዝም አለ። መዞሪያው 10 ላይ ነው፤ ሰንጠረዡ እዚያ አይደርስም። ስሌቱ ልክ ሆኖ ሥዕሉ የተሳሳተው የት መፈለግ እንዳለበት ስላላወቀ ነው።

ያንኑ ግራፍ ፋክተር አድርጎ ቢጀምረው ኖሮ (ቀ − 8)(ቀ − 12) ይመጣል። 8 እና 12 ላይ ይነካል። መሃላቸው 10 ነው። 10ን ሲያስገባ 2 ሲባዛ በ−2፣ ማለትም −4። ቀ² ፊት ያለው ቁጥር ፖዘቲቭ ስለሆነ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ነው። ቁሙን የሸ መስመር የሚቆርጠው 96 ላይ ነው። አራት ነጥብና አንድ ለስላሳ ኩርባ፣ ያለ ማስመሪያ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በ8 እና በ12 መሃል ግራፉ ለምን ከመስመሩ በታች እንደሚሄድም ቅንፎቹ ይናገራሉ። ቀ 9 ሲሆን የመጀመሪያው ቅንፍ 1፣ ሁለተኛው −3 ነው። አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጋቲቭ፣ ውጤቱ −3። ቀ 7 ሲሆን ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፤ −1 በ−5፣ ውጤቱ 5። 13 ላይ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው፤ አሁንም 5። ኳድራቲክ ኢንኢኳሊቲ የሚባለው፣ ውጤቱ መቼ ከዜሮ በላይ መቼ ከዜሮ በታች እንደሚሆን የሚጠይቀው የሚያስፈራ ምዕራፍ ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ሁለቱ ቅንፍ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ለምሳሌ (ቀ − 10)²፣ ምልክታቸው አብሮ ስለሚቀየር ግራፉ 10 ላይ መስመሩን ነክቶ ይመለሳል፤ አይሻገርም።

ሦስት ቦታ ላይ ደብተሩን ፈትሹለት። አንደኛው ምልክት ነው። (ቀ + 3) ሲል ግራፉ የሚነካው −3 ላይ ነው፣ 3 ላይ አይደለም። ቅንፉን ዜሮ የሚያደርገው የትኛው ነው ብሎ ራሱን ቢጠይቅ አይሳሳትም። ሁለተኛው ማካፈል ነው። 2ቀ² − 40ቀ + 192 = 0 ሲሆን ሁሉንም ለ2 ማካፈል ይችላል፣ መልሱ አይቀየርም። ግራፍ ሲሠራ ግን 2ቱን መጣል አይችልም። የሚነካባቸው ቦታዎች ያው 8 እና 12 ቢሆኑም ጥልቀቱ −4 መሆኑ ቀርቶ −8 ይሆናል። ብዙ ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው (ቀ + 3)²ን ቀ² + 9 ብሎ መበተን ነው። ትክክሉ ቀ² + 6ቀ + 9 ነው። ይህንን የሚሳሳት ልጅ ወደ ፋክተር ከመመለሱ በፊት ቅንፍ መበተንን ይድገም፤ ፋክተር ማድረግ የዚያ ግልባጭ ስለሆነ።

ቀ² ፊት ሌላ ቁጥር ሲኖር መንገዱ ትንሽ ይረዝማል። ለምሳሌ 2ቀ² + 7ቀ + 3። የፊቱንና የኋላውን ያባዙ፣ 6። ሲባዙ 6፣ ሲደመሩ 7 የሚሆኑት 6 እና 1 ናቸው። 7ቀን ወደ 6ቀ + ቀ ይሰነጥቁት፣ ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ የጋራቸውን ያውጡ፣ (2ቀ + 1)(ቀ + 3) ይወጣል። ቁጥሮቹ ትልልቅ ሲሆኑ ግን እዚህ ላይ መድከም ዋጋ የለውም፤ ያኔ የአስጠኚው ፎርሙላ ቦታውን ይይዛል።

አሁን ዋናው ምክንያት ላይ እንምጣ። «ሒሳብ አይሆነኝም» የሚል የ10ኛ ክፍል ልጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ አልጀብራው ላይ አይደለም። ማባዛት ላይ ነው። ዛሬ ሰዓት ይዘው «ሲባዙ 36 የሚሆኑ ጥንዶችን በሙሉ ንገረኝ» ይበሉት። አምስት ናቸው፦ 1 እና 36፣ 2 እና 18፣ 3 እና 12፣ 4 እና 9፣ 6 እና 6። በግማሽ ደቂቃ ካልጨረሰ፣ አልጀብራው የከበደው ሐሳቡ ከብዶት ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ጣቱን እየቆጠረ ስለሚዘገይ ሐሳቡን መሃል ላይ ይጥለዋል። ይህ ስንፍና አይደለም። በ3ኛና በ4ኛ ክፍል የቀረ ቀዳዳ ነው፤ በቀን 10 ደቂቃ በጥቂት ሳምንት ይደፈናል። በ10ኛ ክፍል ማባዛት መከለስ ያሳፍረዋል፣ ስለዚህ ከታናሾቹ ፊት አያድርጉት። አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው ከዓረብኛው «አል ጀብር» ነው፤ የተለያየን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ሲሆን፣ ለተሰበረ አጥንት ጥገናም ይሠራበታል። የወጌሻ ሥራ ማለት ነው። ወጌሻ ደግሞ መጀመሪያ የተሰበረው የት እንደሆነ በጣቱ ይዳስሳል።

ስልክን በተመለከተ። ጂኦጄብራና ደስሞስ በነፃ ግራፍ ያሳያሉ። ልጁ እኩልታውን ቀየር እያደረገ ኩርባው ሲወጣ ሲወርድ ማየቱ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። አንድ ደንብ ግን ይኑር፦ መጀመሪያ በእጁ ይሥለው፣ ከዚያ በስልኩ ያረጋግጥ። ፎቶ አንስቶ ሙሉውን የሚፈታ እንደ ፎቶማዝ ያለ መተግበሪያ ለአሁኑ ይቆይ። ልጁ ያልሞከረውን ጥያቄ ተፈትቶ ሲያይ የገባው ይመስለዋል፤ ፈተና ላይ ብቻውን ሲሆን ነው የሚጋለጠው።

ሌላ ጥንቃቄ። ፓራቦላን ከአካባቢ ማሳየት ጥሩ ነው። ከሰፈራችሁ ብዙም በማይርቀው ወዳጅነት ፓርክ ወደ ጎን የሚረጭ ውሃ ካያችሁ፣ ወጥቶ ሲወርድ የሚሠራው ቅስት ለፓራቦላ በጣም የቀረበ ነው። በሁለት ምሰሶ መሃል የረገበ የመብራት ሽቦ ግን ፓራቦላ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የሌላ ቀመር ኩርባ ነው። ቅስት ያለው ሁሉ ፓራቦላ ነው ብላችሁ እንዳታስተምሩት።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። አስጠኚውን አይቀይሩት፣ ቅደም ተከተሉን ይቀይሩበት። ለአራት ሳምንት ፎርሙላው ይቀመጥ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ አምስት ጥያቄ ብቻ ይሥራ፤ ለእያንዳንዱ ግን ፋክተሩ፣ የሚነካባቸው ቦታዎች፣ መሃሉ፣ ጫፉና ሥዕሉ አንድ ገጽ ላይ አብረው ይቀመጡ። ሥዕል የሌለው መልስ እንዳልተሠራ ይቆጠር። በሦስተኛው ሳምንት ፋክተር የማይሆኑትን ይቀላቅልበት። በአምስተኛው ሳምንት ፎርሙላው ይመለስ። ያኔ ልጁ ፎርሙላው ውስጥ ሁለት ቁራጭ ያያል፦ የመጀመሪያው መሃሉን፣ ስኩዌር ሩቱ ያለበት ደግሞ ከመሃሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። የቆርቆሮው 10 እና መ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ቢረሳው እንኳ ራሱ መልሶ ያወጣዋል። ቤት ጫጫታ ከሆነ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርባችሁ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ይቀመጥ።

ይህ የማያስተካክለው ነገርም አለ። ልጁ ክፍልፋይና ኔጋቲቭ ቁጥር ላይ ከተቸገረ አራት ሳምንት አይበቃም፤ መጀመሪያ እነሱ ይሠሩ። የሚቀጥለው ፈተና ላይ ውጤቱ ወዲያው ላይዘል ይችላል፤ እየሣለ ስለሚሠራ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ይዘገያል። በዚህ ምክንያት ወደ ሽምደዳው አይመልሱት።

ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ አስጠኚ ሳይኖር እርስዎ ራስዎ ይጀምሩት። ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን ይሣሉና «40 ሜትር ቆርቆሮ አለኝ፣ 84 ካሬ ላጥር ፈልጌአለሁ፣ ጎኖቹ ስንት ይሁኑ?» ይበሉት። 6 እና 14 እስኪል ይጠብቁት፤ አይቸኩሉ። ቀጥሎ 91 ይበሉት። ከዚያ 101 ይበሉትና ለምን እንደማይሆን በራሱ አፍ ያስረዳዎት።